የማያመው ኩላሊት

በደሴ ፒያሳ ወይም በኮምቦልቻ አውራ ጎዳና ዳር ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው አንድ አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ኩላሊቴን ነው»። ጆንያ ሲሸከም የዋለው ወጣት፣ ከስፌት መኪናው ላይ ጎብጦ የሚያመሸው ልብስ ሰፊ፣ የደሴ ብርድ ወገባቸውን የያዛቸው እናት፣ ሁሉም እጃቸውን ከወገባቸው ላይ ጣል አድርገው ይህንኑ ይላሉ። ብዙዎቹም ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝተው ይሄዳሉ።

የአብዛኞቹ ኩላሊት ጤነኛ ነው። ያመማቸው ጡንቻቸው ወይም አከርካሪያቸው ነው። ኩላሊቱ በእርግጥ እየደከመ ያለው ሰው ምናልባት ከእነርሱ ኋላ ተራ ይዞ የቆመው፣ ለራስ ምታቱ ክኒን ሊገዛ የመጣው ጎልማሳ ነው። ኩላሊት ጠጠር ካልያዘ፣ ኢንፌክሽን ካልገባበት ወይም መውጫው ካልተዘጋ በቀር እየሞተም ቢሆን አያምም። ይባስ ብሎ ለሌለው የኩላሊት ሕመም የሚዋጠው ማስታገሻ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ዕድሜው የገፋ፣ ግፊት ያለበት፣ ሰውነቱ ውሃ ያነሰው ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማስታገሻውን ለሳምንታት ከደጋገመው ጤነኛ የነበረውን ኩላሊት በገዛ ገንዘቡ ሊያሳምመው ይችላል። ስለ ኩላሊት በሽታ የሚደረግ ውይይት ሁሉ ከዚህ አለመግባባት መነሳት አለበት። የሚያመን ኩላሊታችን ያልሆነ ነው፤ ኩላሊታችን ሲጎዳ ደግሞ አያመንም።

ሁለቱ ኩላሊቶች እያንዳንዳቸው ከሰው ጭብጥ የማይበልጡ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ እነርሱ ይጎርፋል። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለደም ይመልሳሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ጨውና ፖታሲየምን ይመጥናሉ፣ የደም ግፊትን ይቆጣጠራሉ፣ አጥንት የሚጠነክርበትን ቫይታሚን ዲ ለሥራ ያበቃሉ፣ መቅኔውን «ቀይ ደም ሥራ» ብለው ያዝዛሉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ የሚያንሰውና ፊቱ የሚገረጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማጣሪያዎቹ ግማሹ ቢጠፉ የተረፉት ሥራውን ተሸክመው ይቀጥላሉ። ክሬቲኒን የተባለው የደም ምርመራ ውጤት በግልጽ ከፍ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እግር ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ሰውነት ሲያሳክክ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥር ብዙ ጊዜ ከአቅሙ የቀረው ከ15 በመቶ በታች ነው። ወደዚያ የሚያደርሱት ዋነኞቹ በሽታዎች ደግሞ ግፊትና ስኳር ናቸው፤ ሁለቱም እንደ ኩላሊቱ ዝምተኞች። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ሕመም የማይጠራውን በሽተኛ ወደ ሕክምና የሚያመጣው ቀጠሮ ነው። በየወሩ ግፊቱን መለካት፣ ክኒኑን ሳያቋርጡ መዋጥ፣ በዓመት አንዴ ሽንትንና ክሬቲኒንን ማየት፣ ይህ ለዓመታት ሳይበጠስ መቀጠል አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉባት ደቡብ ወሎ ባለፉት ዓመታት ከሁሉ በላይ የተቸገረችው ደግሞ ሳይበጠስ በሚቀጥል ነገር ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው የመንግሥት ጦር ኅዳር 27 ቀን መልሶ እስኪይዛቸው ከአንድ ወር በላይ ቆዩ። የጤና ተቋማቱ ተዘረፉ፤ ያልተወሰደው ዕቃ ተሰባበረ። ለሰፊው ወሎና ለአጎራባች አካባቢዎች ሕሙማን መዳረሻ የነበረው የደሴ ሆስፒታል ሥራው ቆመ። በዚያን ጊዜ ስለ ቁስለኛና ስለ ተፈናቃይ ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነበር። የግፊት ክኒኑን ቤቱ ጥሎ በእግሩ ስለወጣው አዛውንት፣ ኢንሱሊኗ ማቀዝቀዣ ስላጣባት ሴት፣ ካርዱ ከመዝገብ ክፍሉ ጋር ስለተበታተነበት በሽተኛ ግን ብዙም አልተባለም። እነዚህ ሰዎች በዚያ ወር አልሞቱ ይሆናል። ክኒን የተቋረጠበት ወር በኩላሊት ላይ የሚጽፈው ሒሳብ የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ከጦርነቱ ጋር አያይዞ አይቆጥረውም።

ደሙ በመሣሪያ የሚጣራለት፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ሒሳብ ግን በቀናት ይደርሳል። በዚያው ጦርነት በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታል የማጣሪያና የቱቦ አቅርቦት ሲመናመን ሆስፒታሉ እጥበቱን ለመቀነስ ተገደደ፤ ሕሙማን መሞታቸውንም ሐኪሞቹ በወቅቱ ለዓለም ተናግረዋል። በአንዱ ግንባር የተዘረፈ ሆስፒታል፣ በሌላው አቅርቦት የተቋረጠበት ሆስፒታል፣ የኩላሊት በሽተኛው ዕጣ ግን አንድ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ያነሳል። ከመካነ ሰላም፣ ከወገል ጤና ወይም ከተንታ ተነስቶ ደሴ መድረስ የነበረበት ቀጠሮ ዛሬ ይደርሳል ወይ?

የእጥበት መሣሪያ የተወለደውም በጦርነት መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በጀርመን በተያዘችው ሆላንድ፣ ካምፐን በምትባል ከተማ፣ ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም የቋሊማ መጠቅለያ የነበረውን ሴሎፎን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። ከሕሙማኑ አንዷ ተርፋ ለማየት እስከ 1945 መጠበቅ ነበረበት። ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች ታጥሮ ከቆየ በኋላ ወደ መንግሥት ሆስፒታሎችና ወደ ክልሎች መውረድ ጀመረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በአገር ውስጥ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አደረገ። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን የተነቀለውና የተተከለው ኩላሊት እንኳ የሚኖረው በሽተኛው ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚያደርገውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን፣ በየዕለቱ፣ ሳያቋርጥ ሲወስድ ነው። እዚህም ዞሮ ዞሮ ነገሩ ቀጣይነት ነው።

መሣሪያ ወደ አንድ ከተማ ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፤ ሕዝቡም ቢደሰት ትክክል ነው። ለደሴ ሰው እጥበት ቅርብ ሲሆን ምን እንደሚቀልለት ማሰብ ይበቃል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እጥበቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ በዓመት 156 ጊዜ። ይህን ተመላልሶ የሚችል የለም። ስለዚህ እጥበት በአቅራቢያው የሌለው በሽተኛ አዲስ አበባ ቤት ይከራያል፣ አስታማሚ ልጅ ሥራ ያቆማል፣ ከብት ይሸጣል፣ ቤት ይሸጣል፣ በመጨረሻም በአደባባይ ዕርዳታ ይለመናል።

የመሣሪያው ቅርበት ግን የችግሩ ግማሽ ነው። አንድ እጥበት 120 ሊትር ያህል እጅግ የጠራ ውሃ ይፈጃል። ለአንድ በሽተኛ በዓመት ወደ 19 ሺሕ ሊትር መሆኑ ነው፤ ያውም ተጣርቶ የሚጣለውን ሳይጨምር። ውሃው ለመጠጥ የሚበቃ መሆኑ አይበቃም፤ ከበሽተኛው ደም የሚለየው ስስ ሽፋን ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ፣ በድርቅ ጊዜ በቦቴ የመጣ፣ በአግባቡ ያልታከመ የግድብ ውሃ ለእጥበት ዋለ። ውሃው ውስጥ ከአልጌ መሰል ተሕዋስያን የመነጨ መርዝ ነበረበት። ከ50 በላይ ሕሙማን ጉበታቸው ተመርዞ ሞቱ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸውና በቦቴ መሙላት ባልተለየባቸው ከተሞች የእጥበት ክፍል የሚመራ ሰው ካሩዋሩን እንደ ጎረቤት መንደር ሊያውቃት ይገባል።

የመብራቱ፣ የጄኔሬተሩና የናፍጣውም ጉዳይ አለ። ማጣሪያው፣ ቱቦውና መርፌው ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዚህ ለውጥ ትርጉም ለነጋዴው አንድ ነገር ነው፤ በሳምንት ሦስት ማጣሪያ ለሚያስፈልገው ሰው ግን ከሦስቱ አንዱን መዝለል ማለት ነው። የዘለለው ቀን ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፖታሲየሙ ልቡን ያናጋል።

የጤና መድኑ ነገር ደቡብ ወሎን በተለየ ሁኔታ ይመለከታታል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን ሐይቅ ከተማን ይዞ የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር። የተሁለደሬ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ በካርዱ ሲታከም ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቀድሟል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271 ድንገተኛ ከሆነው የኩላሊት መድከም በስተቀር እጥበትን፣ ንቅለ ተከላንም ጭምር ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል፤ የማኅበረሰቡ መድንም ሲነደፍ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ከትንሽ መዋጮ የተሰበሰበ ገንዘብ በጥቂት የእጥበት ሕሙማን ሊያልቅ እንደሚችል ያሰላ ሰው ውሳኔውን ይረዳዋል። ግን ያው መድን የግፊትና የስኳር ክትትልን ይሸፍናል። ባለ ካርዱ ለክትትል ሲመጣ መድኃኒቱ ካለቀና «ከውጭ ግዙ» ከተባለ፣ መድኑ በርካሹ ጊዜ ያልከፈለውን ቤተሰቡ በውዱ ጊዜ ይከፍለዋል። ከእጥበቱ አለመሸፈን ይልቅ ይህ ክፍተት የበለጠ ሊያስቆጣ ይገባል።

በዚህ ሁሉ መሐል ክሩን ይዘው የሚገኙት ነርሶች ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች ከሚማሩት ሁሉ ምናልባት ትንሹ የሚመስለው ሽንት መለካት ነው። ይሁንና በቀዶ ሕክምና፣ በወሊድ ደም መፍሰስ ወይም በከባድ ተቅማጥ ለተኛ በሽተኛ ከዚህ የሚቀድም መረጃ ጥቂት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት። ለስድስት ሰዓት ከዚያ በታች ከሆነ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም በፈሳሽ በቶሎ ይመለሳል። ይህ ዓይነቱ ድንገተኛ መድከም እጥበት ሳያስፈልገው የሚድነው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሽንት ከረጢቱን አይታ ቁጥሩን የጻፈች፣ ቁጥሩ ሲያንስም ሐኪሙን የቀሰቀሰች ነርስ ካለች ነው። ለሠላሳና ለአርባ አልጋ ሁለት ነርስ በሚያድርበት ክፍል ይህን መጠበቅ ከባድ ነው። ስለ ኩላሊት ሕክምና ሲታቀድ የነርስ ቁጥር ከማሽን ቁጥር በፊት መቆጠር ያለበትም ለዚህ ነው።

ካቴተሩም እንዲሁ ነው። የሽንት ቱቦ የገባለት ሰው በእያንዳንዱ ቀን በሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። እጅን ታጥቦ ማስገባት፣ ከረጢቱን ከፊኛው በታች ማንጠልጠል፣ ወለል ላይ አለመጣል፣ መገጣጠሚያውን ያለ ምክንያት አለመክፈት፣ ከሁሉም በላይ በየማለዳው «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ወጪ የለባቸውም ማለት ይቻላል። አስታማሚም ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ በእኛ ሆስፒታሎች በሽተኛውን የሚያገላብጠውም ከረጢቱን የሚደፋውም ብዙ ጊዜ ዘመድ ነውና።

ከዚያ ደግሞ የመጠየቅ ጥበብ አለ። ስለ ሽንት ማውራት ነውር በሆነበት አገር ፕሮስቴታቸው ያደገ አባት ሽንት እንደሚያስምጣቸው ለልጃቸው አይናገሩም፤ «ወገቤን ነው» ይላሉ። ፊኛቸው ሞልቶ ሽንቱ ወደ ላይ ሲገፋ ኩላሊታቸው ያብጣል። ጥሩ ነርስ ከመጋረጃ ወዲያ፣ ልጃቸው በሌለበት፣ «አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ሲጨርሱ የቀረ ይመስልዎታል?» ብላ ትጠይቃለች። ይህች አንዲት ጥያቄ ያዳነችው ኩላሊት በየትኛውም ሪፖርት አይገባም። በሴቶች በኩል ደግሞ የሽንት መስመር ኢንፌክሽን አለ። ሲያቃጥል ከመድኃኒት ቤት ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ገዝቶ ማስታገስ የተለመደ ነው፤ ቃጠሎው ይቆማል፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ይቀራል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ምንም ሳያቃጥል ወደ ኩላሊት ሊወጣና ምጥን ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል። የነፍሰ ጡር ሽንት ምርመራ እንዳይዘለል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እጥበት ላይ ያለው በሽተኛ ክንድ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ደም ወሳጅና ደም መላሽ ሥሮች በቀዶ ሕክምና ተገናኝተው የሚሠራው መስመር «ፊስቱላ» ይባላል። ቃሉ በወሊድ ምክንያት ከሚመጣው ጉዳት ጋር አንድ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ሲሰማው ይደነግጣል፤ ሁለቱ በሙያው ቋንቋ ስም ተጋሩ እንጂ አይገናኙም። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ጠባብ እጅጌ አይለበስም። በሽተኛው በየጠዋቱ በጣቱ ሲነካው የሚርመሰመስ ንዝረት ሊሰማው ይገባል፤ ንዝረቱ የጠፋ ዕለት ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ይህን ለአንድ የገጠር ሰው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳች ነርስ ያን ክንድ ለዓመታት አኑራዋለች።

ወሎ ጾሙ ብዙ ነው። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን፣ ሙስሊሙ ረመዳንን በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይጾማሉ። በረመዳን ቀን ውሃ የማይጠጣ የስኳር በሽተኛ የመድኃኒት ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር መዞር አለበት። በዐቢይ ጾም ሽሮውና ምስሩ ሲበዛ ኩላሊቱ የከሸፈ ሰው ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይበዛበታል። «አይጹሙ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ በሽተኛውም እሺ ብሎ ወጥቶ ይጾማል። የሚጠቅመው ከጾሙ ሳምንታት አስቀድሞ ጠርቶ፣ ክሬቲኒኑን አይቶ፣ መጾም የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ፣ የማይችለውን ከካህኑ ወይም ከሸኹ ጋር ማነጋገር ነው።

ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ቆላው ዝቅ ብላ ሌላ ጥያቄ ትጨምራለች። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳና ብረታ ብረት ለአሥርተ ዓመታት የኖሩባት ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ወርቃና ሌዮሌ በተባሉት ጅረቶች አድርጎ ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በእነዚህ ጅረቶች ክሮምየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን ለክቶ አግኝቷል። ከባድ ብረት በሰውነት ውስጥ ከሚጎዳቸው ብልቶች አንዱ ኩላሊት ነው። በቦርከና ዳር አትክልት የሚያለማና ከብት የሚያጠጣ ገበሬ ባለበት አካባቢ የወንዙ ጥራት የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ብቻ ጉዳይ አይሆንም፤ የጤና ጣቢያውም ነው።

ከዚሁ አካባቢ፣ ከቃሉ፣ ከሐርቡና ከደሴ ዙሪያ ብዙ ወጣት ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። በሙቀት ውስጥ መሥራት ደግሞ ለኩላሊት ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ የሸንኮራ አገዳ ማሳዎች በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሳይጠጡ የሚሠሩ ወጣቶች ስኳርም ግፊትም ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው ሲከሽፍ ታይቷል፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚመለሱ ኔፓላውያን ዘንድም ተመሳሳይ ነገር ተዘግቧል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና የመጀመሪያውን ውሳኔ ሲያሳልፍ ሐሳቡን በዋናነት የገፋችው የመካከለኛው አሜሪካዋ ጓቲማላ መሆኗ ያለ ምክንያት አይደለም። ከስደት ለተመለሰ ልጅ በኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ግፊቱን መለካትና አንድ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ መንከር ደቂቃዎች ይወስዳል። ስትሪፑ ላይ ፕሮቲን መታየቱ ከክሬቲኒን ቀድሞ፣ ከእብጠትም ብዙ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው።

ቀጣይነትን መገንባት እንደሚቻል ደግሞ አገሪቱ ራሷ አሳይታለች። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩና ሁኔታቸው የተረጋጋ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዘው እንዲሄዱ ተደርጓል። መንገድ ቢዘጋ፣ ከተማ ቢፈናቀል ክኒኑ ቤት ወይም ቦርሳ ውስጥ አለ። ግፊቱ ለተስተካከለለት የወገል ጤና አዛውንት ተመሳሳይ ነገር የማይደረግበት የሕክምና ምክንያት አይታይም፤ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ማቀዝቀዣ አይፈልጉም። ከክኒኑ ጋር ደግሞ አንድ ነገር ይጨመር፦ በሽተኛው ራሱ የሚይዛት፣ የመጨረሻው ግፊቱ፣ ክሬቲኒኑ፣ የሽንቱ ውጤትና የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ የተጻፈባት ትንሽ ካርድ። በኅዳር 2014 የመዝገብ ክፍሎች ወለል በወረቀት ሲሸፈን ኪሱ ውስጥ ያለው ግን አይጠፋበትም ነበር።